ተሳቢ ለሚጎትት ፒክአፕ ሾክ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው መስከረም ከካንሳስ አንዲት ቶዮታ ካምሪ በተሳቢ ጭኜ በኢንተርስቴት 70 ወደ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ እየተመለስኩ ነበር። ሊሞን ከመድረሴ በፊት መኪና ሳይሆን ጀልባ የምነዳ መሰለኝ። መንገዱ ኮንክሪት ነው፣ በየተወሰነ ርቀት መጋጠሚያ አለው። ጎማው መጋጠሚያውን ሲመታ የፒክአፔ አፍንጫ ብድግ ይላል፣ ቁጭ ይላል፣ ደግሞ ብድግ ይላል፣ ሳይረጋጋ ሌላ መጋጠሚያ ይመጣል። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ቡናውን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አቅፎ «ቆይ፣ ይሄ መኪና ነው ፈረስ?» አለኝ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ስልኬን አውጥቼ ውድ ውድ ሾክ መፈለግ ጀመርኩ። ደግነቱ ካርዴ የነበረው መኪና ውስጥ ነው።

ሾክ አብዞርበር ጭነት አይሸከምም። ይህቺን ካልያዝን ገንዘባችን ይባክናል። ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ሞላ) ወይም ጥቅልሉ ሞላ ነው። ሞላ ግን አንዴ ከተጫነ መዝለል ይወዳል፣ ሾኩ ደግሞ ልጓሙ ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ ዝላዩን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፣ ሙቀቱም በብረቱ በኩል ወደ ውጭ አየር ይወጣል። አለቀ፣ ሌላ ሥራ የለውም። ተሳቢውን ስታያይዙ የመኪናችሁ ኋላ ቁጭ የሚል ከሆነ በዓለም ላይ ያለውን ምርጥ ሾክ ብትገጥሙለትም ቁጭ እንዳለ ነው። ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሾኩ ሳይሆን አጫጫኑ ነው። የኔው ዓይነት ወደ ላይና ወደ ታች የሚል፣ አንዴ ከጀመረ የማያቆም መንገጫገጭ ሲሆን ነው ሾክ የሚባለው ነገር የሚነሳው።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣት በፊት ሚዛን። ትራክ ስቶፕ፣ ማለትም የከባድ መኪና ማረፊያ ላይ ያለው የካት (CAT) የተሽከርካሪ ሚዛን ለከባድ መኪና ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው አሉ፣ ለፒክአፕም ይሠራል። አንዴ ተሳቢውን አያይዛችሁ ተመዘኑ፣ አንዴ ፈታችሁ ፒክአፑን ብቻ። በሁለቱ የፒክአፑ አክስሎች ላይ የመጣው ልዩነት ተሳቢው ሂቹ ላይ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ብረት ላይ፣ ያሳረፈው ክብደት ነው። ይሄ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ካነሰ ተሳቢው ይወዛወዛል፣ ከበዛ የመኪናው ኋላ ይቀመጥና የፊቱ ጎማ ላይ ያለው ክብደት ይቀንሳል፣ መሪውም ባዶ ባዶ ይላል።

በኔ ስሌት ካምሪዋ 3,400 ፓውንድ፣ ተሳቢው ራሱ 2,000፣ በድምሩ 5,400። 12 በመቶው 650 ገደማ ነው። እኔና ጓደኛዬ 360፣ መሣሪያና ሰንሰለት 200፣ የሂቹ ብረት 50 እንበል። 1,260 መጣ። አሁን የሹፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ስቲከር እዩ፣ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚህ አይለፍ ብሎ ቁጥር ጽፏል። ከዚያ ቁጥር ካለፋችሁ ሾክ አይደለም የምትፈልጉት፣ ሌላ መኪና ነው። ሂቹ ላይ ያለውንም ስቲከር አትዝለሉት፤ ብዙ «ግማሽ ቶን» በሚባሉት ቀለል ያሉ ፒክአፖች ላይ ከ5,000 ፓውንድ በላይ ለመጎተት ዌይት ዲስትሪቢውሽን ሂች፣ ማለትም ክብደቱን ወደ ፊት ጎማም የሚያካፍል ሂች፣ ያስፈልጋል ይላል። እኔ ለሁለት ዓመት እዚያ ስቲከር ላይ ኳሱን ስፈታና ሳስር አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም።

ሚዛን ላይ ስወጣ ሂቹ ላይ ያረፈው ክብደት አንሶ ተገኘ። ካምሪዋን ወደ ኋላ አብዝቼ ነበር ያቆምኳት። አንድ ጫማ ያህል ወደ ፊት ሳስጠጋት ብቻ፣ ተሳቢው ላይ የነበረው ትንሽ የግራና ቀኝ መወዛወዝ ቀነሰ። በነፃ! መንገጫገጩ ግን እንዳለ ነው፣ ስለዚህ ወንጀለኛው ሾኩ መሆኑ ተረጋገጠ።

ኋላው ለሚቀመጥባችሁ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። በአየር የሚነፋ ሾክ የሚሸጡላችሁ አሉ፣ ሲነፋ ኋላውን ከፍ ያደርጋል። ቀላል ይመስላል። ችግሩ ክብደቱ የሚያርፈው ሾኩ በታሰረበት ቅንፍና ቡሎን ላይ ነው፣ እነሱ ደግሞ ለዚያ አልተሠሩም። ከዚያ ይልቅ ባሌስትራው ላይ የሚቀመጥ የአየር ከረጢት ይሻላል። እሱም ቢሆን በሩ ላይ ያለውን ቁጥር አይጨምርላችሁም፣ አቋሙን ብቻ ነው የሚያስተካክለው።

እሺ፣ አሁን ሾኩ ራሱ። አብዛኛው ፒክአፕ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ባለ ሁለት ቱቦ ነው። ዘይቱ ውስጠኛው ቱቦ ውስጥ ይሠራል፣ ትርፉ በውጨኛው ይቀመጣል። ባዶ መኪና ላይ ለስላሳና ምቹ ነው። ግን ለሦስት ሰዓት ያለ ዕረፍት ሲንገጫገጭ ይግላል፣ ዘይትና ጋዝ ተደባልቀው አረፋ ይሠራሉ፣ አረፋ ደግሞ ምንም አይዝም። ጠዋት ደህና የነበረ መኪና ከሰዓት የሚዘልለው ለዚህ ነው። ባለ አንድ ቱቦው፣ ሞኖቲዩብ የሚሉት፣ ናይትሮጅኑንና ዘይቱን በተንሳፋፊ ፒስተን ለያይቶ በከፍተኛ ግፊት ያስቀምጣል። አረፋ አይሠራም፣ ሙቀቱም በቀጥታ ወደ አየር ይወጣል። በሀይዌይ ረጅም መንገድ ለሚጎትት ሰው እኔ ያለ ማመንታት ይሄን ነው የምለው። እንከኑ ግን አለ፤ የውጨኛው ግድግዳ ፒስተኑ የሚሄድበት ራሱ ስለሆነ ድንጋይ መትቶ ቢያጎደጉደው ፒስተኑ ሊቀረቀር ይችላል። ባዶ ስትነዱም ትንሽ ደረቅ ይላል። ሚስቴ በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቀችው።

የሞኖቲዩብ ስም ካስፈለገ ቢልስታይን 4600 በፋብሪካ ቁመቱ ላለ መኪና ነው፣ 5100 ደግሞ ከፍ ለተደረገ። መኪናችሁ ከፍ ካልተደረገ 5100 ስሙ ስለገነነ ብቻ አትግዙ። ሁለቱም ቀስ ብሎ የሚመጣውን የቦዲ መወዛወዝ ጠበቅ አድርገው ይይዙና ጉድጓድ ሲመቱ ይለቃሉ፣ ለተሳቢ የሚፈለገው ጠባይ ይሄ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ነድታችሁ ቅዳሜ ብቻ የምትጎትቱ ከሆነ ደግሞ ራንቾ አርኤስ9000ኤክስኤል ባለ ዘጠኝ ደረጃ መቆጣጠሪያ አለው። ለጭነት ታጠብቁታላችሁ፣ ስታራግፉ ታላሉታላችሁ። ሞኖቲዩብ አይደለም፣ ግን በእጅ መቀየር መቻሉ ለብዙ ሰው ይበቃል። እውነቱን እንናገር ካልን ግን መኪና ስር ገብቶ ቁልፉን በየሳምንቱ የሚያዞር ሰው ጥቂት ነው፤ ራሳችሁን ታውቁታላችሁ። ከጎኑ ተጨማሪ የዘይት ማጠራቀሚያ የተንጠለጠለበትን ለበረሃ ሩጫ ተዉት።

በተለይ የምፈራላችሁ ለኦፍሮድ የተሠራውን ነው። ውድ ነው፣ ያምራል፣ ቀለሙም ያታልላል። አንዳንዱ ግን ድንጋይ ላይ በፍጥነት እንዲለሰልስ ተደርጎ የተሠራ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ያገለገለ ከሰው ገዝቼ ገጠምኩና ከተሳቢ ጋር ከበፊቱ የባሰ ሆነብኝ። ካርቶኑ ላይ «ሄቪ ዲዩቲ» የሚል መጻፉም ምንም ማለት አይደለም። ለየትኛው ዓመት፣ ለየትኛው ካቢን፣ ለሁለት ወይስ ለአራት ጎማ ነጂ እንደሆነ የሾኩን ቁጥር አመሳክሩ። የናንተ ሾክ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ቁሙ። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው፣ ተራውን ብትተኩበት ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል።

የድሮው ሾክ መሞቱን ለማወቅ የመኪናውን ጥግ ይዞ ወደ ታች መጫን ፒክአፕ ላይ ብዙ አይሠራም፣ ባሌስትራው ደረቅ ነው። ይልቅ ከስር ግቡ። አቧራ የያዘ ስስ ወዝ ካለ ግድ የለም፤ እየወረደ የሚንጠባጠብ ዘይት ካለ ፓራኦሊዮው፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ ሄዷል። መዳፋችሁን ጎማው ላይ አሳልፉ፣ ጉብ ስርጉድ ካለ ጎማው ሲዘል ኖሯል። ሁልጊዜ በጥንድ ቀይሩ። ብር ካለ አራቱንም፣ ምክንያቱም ኋላው ሲቀመጥ አፍንጫው ይነሳል፣ ያንን ዝላይ የሚገታው የፊቱ ሾክ ነው፤ ካጠረ ግን ከኋላ ጀምሩ።

የኋላውን ግቢ ውስጥ ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ክሪክ ብቻ አምናችሁ ስር አትግቡ፣ መቆሚያ አድርጉ። ኮሎራዶ ውስጥ የመንገድ ጨው የበላው ቡሎን አለና ማታ ዘይት ርጩበትና አሳድሩት። አዲሱ ሾክ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተጨምቆ ይመጣል፣ የላዩን ሳታስሩ እንዳትቆርጡት። ዘንጉን በፒንሳ አትያዙ፣ ከተቧጨረ ፓራኦሊዮውን ይበላዋል። ጎሚኒው (የሾኩ ጫፍ ላይ ያለው የላስቲክ ቀለበት) ያለበትን ቡሎን ደግሞ መኪናው በአየር ላይ እንዳለ እስከ መጨረሻ አታጥብቁ። ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው የሚጠብቀው፣ ካልሆነ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። የፊቱ ሾክ በሞላ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ግማሽ ቶን ላይ አብዛኛው እንደዚያ ነው፣ ጋራዥ ውሰዱት። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ከዚያ አላይመንት፣ ማለትም የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ፣ አስደርጉ።

የኔን የድሮ የግራ ኋላ ሾክ አውልቄ ዘንጉን በእጄ ስጫነው እንደ ቅቤ ገባ። እዚያው ቀረ። የቀኙ ቀስ ብሎም ቢሆን ይገፋ ነበር። በሳምንቱ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ተሳቢ፣ ያንኑ ጓደኛ ይዤ ወጣሁ። መጋጠሚያው ላይ አፍንጫው አንዴ ብድግ ብሎ ተመለሰና ተቀመጠ። ጓደኛዬ ቡናውን ማስቀመጫው ውስጥ አድርጎ ስልኩን አወጣ። ከ100 ማይል በኋላ ግን ነዳጅ ልቀዳ ስቆም ከስር ገብቼ ቡሎኖቹን በቁልፍ ደግሜ ፈተሽኩ፣ አንዱ ሩብ ዙር ወሰደ።