ዝጎ የከረመ ሾርት ጌም እንዴት ይመለሳል

ሁለት አመት ሙሉ ጎልፍ አልነካሁም። ልጅ ተወለደ፣ ስራ ተቀየረ፣ ክለቦቹ (መምቻዎቹ) ቤዝመንት ውስጥ ከልጁ ጋሪ ጀርባ ተደብቀው አቧራ ጠጡ። ባለፈው የጸደይ ወቅት ዲሲ ያለው ላንግስተን ጎልፍ ሜዳ ሄጄ የመጀመሪያው ቲ (መነሻው) ላይ ቆሜ ስመታ ድራይቩ (ረጅሙ የመነሻ ምት) ቀጥ ብሎ ሄደ፣ እኔም አይ ይሄ ነገርማ አልጠፋም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ተራመድኩ። ከዛ ከግሪኑ (ቀዳዳው ካለበት አጭር ሳር) ሃያ እርምጃ ላይ ደረስኩና ኳሷን ቀዳዳ ውስጥ ለመክተት ስድስት ምት ፈጀብኝ። አንዷ መሬት ቆፍራ ግማሽ ሜትር ሄደች፣ ቀጣይዋ እንደ ጥይት ግሪኑን አቋርጣ ማዶ ወጣች፣ ማዶ ሄጄ ደግሞ እንደገና ቆፈርኩ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ስልኩን እያየ ምንም ያላየ መሰለ፣ እሱ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

ከዛ በኋላ ስድስት ሳምንት ምን እንደሰራሁ ነው ምጽፍላችሁ። ኮች አይደለሁም፣ እንደ ብዙዎቻችሁ ከስራ መልስ ምጫወት ሰው ነኝ።

መጀመሪያ የጠፋው ምን እንደሆነ እንወቅ። ሙሉ ስዊንግ ብዙውን ጊዜ አንድ ፍጥነት ነው፣ ሰውነት ቶሎ ያስታውሰዋል። ሾርት ጌም ላይ (ግሪኑ ላይና አካባቢው ሚመቱት አጫጭር ምቶች) ግን እያንዳንዱ ምት የራሱ መጠን አለው፣ አስር እርምጃ ሌላ፣ አስራ አምስት ሌላ፣ ቁልቁለት ሌላ። እናቶቻችን ለወጥ ጨው በእጃቸው እንደሚመጥኑት አስቡት። አመት ሙሉ ወጥ ሳትሰራ የቆየች ሴት ሽንኩርት መክተፍ አትረሳም፣ መጀመሪያ ሚያስቸግራት ጨው ነው። እኛም የጠፋብን መጠኑ ነው እንጂ የምቱ ስልት አይደለም። ብዙ ሰው ግን ሁለት ኳስ ሲቆፍር ወዲያው ዩቲዩብ ከፍቶ አያያዝ ይቀይራል፣ አቋቋም ይቀይራል፣ አዲስ ዌጅ (ለአጭር ምት ሚሆን ክለብ) ይገዛል፣ ከዛ የድሮውም አዲሱም ይጠፋበታል። ለአንድ ወር ምንም አትቀይሩ፣ እጃችሁን ብቻ እንደገና መጠን አስለምዱ።

ዕቃው ላይ ብዙ አልቆይም። ግሪፑ (የክለቡ እጀታ) ቤዝመንት ውስጥ ከርሞ ስለሚደርቅና ስለሚያንሸራትት ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በብሩሽ ፈትጋችሁ አድርቁት፣ ካጠባችሁትም በኋላ ካንሸራተተ አስቀይሩት። የዌጁ ፊት ላይ ያሉት መስመሮች ውስጥ የደረቀ ጭቃ ካለ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አውጡት። ደግሞ ሬንጅ (የረጅም ምት መለማመጃ) ላይ በባልዲ ሚሰጡትን ኳስ ለፐት (ግሪን ላይ ኳሷን ለማንከባለል) እና ለቺፕ (ከግሪኑ ውጪ ኳሷን ትንሽ አንስቶ ለመምታት) አትጠቀሙ፣ ጠንካራ ነው፣ ግሪን ላይም ሌላ ባህሪ ነው ያለው። ሜዳ ላይ ምትጫወቱበትን አይነት ሶስት ኳስ ያዙ፣ ይበቃል።

ስራው ሚጀምረው ከቀዳዳው ነው፣ ወደ ኋላ ነው ምንሄደው። መጀመሪያ ፐት፣ ያውም አንድ ሜትር። ቀዳዳው 108 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ኳሷ 43 ገደማ ናት፣ ማለትም ሁለት ኳስ ተኩል ጎን ለጎን ይገባል፣ ሲያዩት ጠባብ ይመስላል እንጂ ለአንድ ሜትር ሰፊ ነው። ሁለት ቲ (ኳስ ሚቀመጥባት ትንሽ እንጨት) ውሰዱና ከፐተራችሁ ራስ ትንሽ ብቻ ሰፋ አድርጋችሁ መሬት ላይ ትከሏቸው፣ እንደ በር ማለት ነው፣ ፐተሩ ቲዎቹን ሳይነካ በመሃል ማለፍ አለበት። አስር ተከታታይ አስገቡ፣ ዘጠነኛው ላይ ከሳታችሁ ከአንድ ጀምሩ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሰባት ላይ አራቴ ወድቄ ተናድጄ ወደ ቤት ሄጃለሁ። ግን ያ ንዴት ራሱ ነው ጥቅሙ፣ ሜዳ ላይ ያለው ጭንቀት ትንሽ እንኳን እዚህ ካልመጣ ዝም ብሎ ኳስ ማንከባለል ነው ሚሆነው።

ቤት ውስጥም ይሰራል። አንድ ሜትር ሚሆን የብረት ማስመሪያ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣችሁ ኳሷን ጫፉ ላይ አድርጋችሁ ምቱ፣ እስከ መጨረሻው ሳትወድቅ ከሄደች የፐተራችሁ ፊት ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ኳሷ አንድ ዲግሪ ብቻ ተጣማ ከተነሳች ሶስት ሜትር ላይ ስትደርስ ከአምስት ሴንቲሜትር በላይ ትርቃለች፣ ይሄ ከቀዳዳው መሃል እስከ ጠርዙ ድረስ ማለት ነው። ልጄ ከተኛ በኋላ በየማታው አስር ደቂቃ እሷን ነበር ምሰራው፣ ባለቤቴ ኳሱ ማስመሪያው ላይ ሲንከባለል የሚያሰማውን ድምጽ እስክትጠላ ድረስ።

ስታችሁ ደግሞ ራሳችሁን አትግደሉ። የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ ትልቁ የጎልፍ ውድድር) ፕሮዎች እንኳን ከሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ሚያስገቡት ግማሹን ያህል ነው። እኛ ከዛ ርቀት ብንስት ምን ይደንቃል፣ ሶስቴ መምታት ነው ማይፈቀደው።

ሶስት ፐት ሚመጣው ደግሞ ከአቅጣጫ ሳይሆን ከርቀት ነው። ለዚህ ቀዳዳውን ተዉትና አምስት፣ አስር፣ አስራ አምስት እርምጃ ለኩ፣ ወደ ግሪኑ ጠርዝ ምቱ፣ ጠርዙን ሳያልፍ በተቻለ መጠን ሚጠጋ። አሁን ዋናው ነገር፣ ከመታችሁ በኋላ ቀና አትበሉ። መሬት እያያችሁ "አጠረ" ወይ "ረዘመ" ወይ "ልክ ነው" በሉ፣ ከዛ እዩ። መጀመሪያ ላይ ግምታችሁና እውነቱ አይገናኙም፣ አጠረ ያላችሁት ሶስት ሜትር አልፎ ታገኙታላችሁ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ከሰራችሁ በኋላ ግምቱ መግጠም ይጀምራል፣ የዛን ቀን እጃችሁ ተመልሷል ማለት ነው። ከዚህ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ ምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ።

ወደ ቺፕ እንሂድ። (ፐቲንግ ግሪን ላይ ቺፕ ማድረግ ብዙ ቦታ ክልክል ነው፣ ምልክቱን አንብቡ፣ ካልሆነ ሰራተኛው መጥቶ በሰው ፊት ይናገራችኋል።) ላንግስተን የሕዝብ ሜዳ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ዲሲ ገና በዘር በተከፋፈለችበት ዘመን ለጥቁር ጎልፈኞች ተብሎ የተከፈተ ነው፣ እና ዛሬም እዛ ሲጫወቱ ያረጁ አባቶች አሉ፣ ከማንኛውም ቪዲዮ በላይ ከነሱ ነው የተማርኩት። አንዱ ቺፕ ሳበላሽ ቆሞ ሲያየኝ ከቆየ በኋላ ክለቡን ተቀበለኝና "በእጅህ ወርውራት" አለኝ። ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ብይ። ወረወርኳት፣ ግሪኑ ላይ አርፋ ተንከባልላ ቀዳዳው አጠገብ ቆመች። ሶስት ወረወርኩ፣ ሶስቱም ቀረቡ። ብይ ተጫውተን ያደግን ሰዎች ርቀት መመጠን እናውቃለን እኮ፣ ክለብ ስንይዝ ነው ምንረሳው። ችግሩ እጃችን ክለብ ሲይዝ የገና ጨዋታ ይመስለዋል፣ ኃይል ማውጣት ያምረዋል።

ከዛ ቀን ጀምሮ ቺፕ ስለማመድ መጀመሪያ ሶስት ኳስ በእጄ እወረውራለሁ፣ የት እንዳረፈች አያለሁ፣ እዛ ቦታ ላይ ትንሽ ፎጣ አነጥፋለሁ፣ ከዛ ክለብ ይዤ ፎጣው ላይ ማሳረፍ ነው ስራዬ፣ ቀዳዳውን አላይም። አቋቋሙ ቀላል ነው፣ እግር ጠበብ፣ ክብደት ወደ ፊተኛው እግር፣ ደረት ወደ ኢላማው ትንሽ ዞር፣ ክብደቱ እስከ መጨረሻው እዛው ይቆያል። ቆፋሪዎች ሁላችን ምንሰራው ስህተት ኳሷን ለማንሳት ብለን ክብደታችንን ወደ ኋላ መጣል ነው፣ ያኔ ክለቡ ከኳሷ በፊት መሬት ያገኛል፣ ወይ ወደ ላይ እየወጣ ሆዷን ይመታታል። ማንሳቱን ለክለቡ ተዉለት፣ ለሱ ነው ተጋድሞ የተሰራው። መድኃኒቱ፣ ሌላ ፎጣ አጥፋችሁ ከኳሷ ጀርባ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ፎጣውን ሳትነኩ ኳሷን ምቱ። ሃያ ኳስ ከመታችሁ በኋላ ሰውነታችሁ ራሱ ይገባዋል፣ ማንም ማብራራት የለበትም።

ክለብ ምርጫ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሳንድ ዌጅ (ለአሸዋ የተሰራ፣ ፊቱ በጣም የተጋደመ ክለብ) ይዞ ነው ሚሮጠው። እኔም ነበርኩ። ለጥ ያለ ግሪን ላይ በደምሳሳው በሳንድ ዌጅ ከመታችሁ ኳሷ የበረረችውን ያህል ትንከባለላለች፣ በፒቺንግ ዌጅ እጥፉን፣ በስምንት ወይ ዘጠኝ አይረን (ፊታቸው ከዌጅ ያነሰ የተጋደመ ክለቦች) ሶስት እጥፉን። ቀዳዳው ሩቅ ከሆነና መሃል ላይ ምንም እንቅፋት ከሌለ ስምንት አይረን ይዞ እንደ ፐት መግፋት ከሁሉም ያነሰ ጉዳት አለው። ቁጥሩ የናንተ ሜዳ ላይ ሊለያይ ይችላል፣ እርጥብ ሳር ላይ ኳሷ ቶሎ ትቆማለች፣ ስለዚህ ራሳችሁ በእርምጃ ለክታችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

በነገራችን ላይ የስፔኑ ታላቅ ጎልፈኛ ሴቬ ባየስተሮስ ልጅ ሆኖ ፔድሬኛ የባህር ዳርቻ ላይ አሸዋ ላይ የተማረው በአንድ ሶስት አይረን ብቻ ነው፣ በሷ ዝቅም ከፍም አድርጎ መምታት ለመደ። በሳምንት አንድ ማታ አንድ ክለብ ብቻ ይዛችሁ ውጡ፣ ሁሉንም አይነት ቺፕ በሷ ሞክሩ፣ አብዛኛው ያስቃል ግን እጅ ያፍታታል።

ፒች ሚባለው፣ ማለትም ከሰላሳ እስከ ሰባ ያርድ ያለው ግማሽ ስዊንግ፣ ብዙ ሰው ሚያለቅስበት ቦታ ነው። ድሮ ናሳ ይሰራ የነበረው የጎልፍ አስተማሪ ዴቭ ፔልዝ ግራ እጅን እንደ ሰዓት ዘንግ አድርጎ ሰባት ተኩል፣ ዘጠኝ፣ አስር ተኩል ብሎ ያስተምር ነበር። ለሐበሻ ይሄ ጣጣ አለው፣ አንድ ጓደኛዬን "እጅህን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንሳ" ስለው በኛ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘንጉ ሶስት ቁጥር ላይ ባለበት፣ አስቦ ግራ ገብቶት ቀረ። ስለዚህ ወገብ፣ ደረት፣ ትከሻ እንበለው። እጃችሁ ወደ ኋላ እስከ ወገብ ሲደርስ ኳሷ ስንት ያርድ ሄደች፣ እስከ ደረት ስንት፣ እስከ ትከሻ ስንት፣ በሁለት ዌጅ ሞክሩት፣ ስድስት ቁጥር ይኖራችኋል። ወደፊት ሚሄደው ከኋላው ማነስ የለበትም፣ ረጅም አንስቶ ኳሷ ጋር ሲደርስ ፍሬን መያዝ ነው የዝገት ትልቁ ምልክት።

በንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) ላይ አጭር ልሁን፣ ፍርሃት ነው እንጂ ቀላል ነው። ሳንድ ዌጅ ከስር ወፍራም ሆድ አለው፣ ባውንስ ይሉታል፣ አሜሪካዊው ጎልፈኛ ጂን ሳራዜን እ.ኤ.አ. 1932 ላይ ይሄን ሆድ አውጥቶለት በዛው አመት ብሪቲሽ ኦፕንን አሸነፈበት። ሆዱ ሚሰራው ፊቱን ከፈት ስታደርጉት ነው፣ ያኔ አሸዋው ውስጥ ሳይሰምጥ ይንሸራተታል። መለማመጃው ላይ አሸዋው ላይ ረጅም መስመር አስምሩ፣ ያለ ኳስ መስመሩን እየመታችሁ ሂዱ፣ አሸዋው ወደ ፊት እስኪፈናጠር። ከዛ ኳሷን ከመስመሩ አራት ጣት ወደፊት አስቀምጡና ኳሷን ረስታችሁ መስመሩን ምቱ። ሜዳ ላይ ግን በልምምድ ስዊንግ ወይ ከኳሷ ጀርባ በክለብ አሸዋ መንካት ቅጣት አለው፣ እንዳትረሱ።

ይሄ ሁሉ ልምምድ ግን ጨዋታ ካልሆነ ሜዳ ላይ አይመጣም። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ አንድ ኳስ፣ አንድ ብቻ፣ ይዛችሁ ግሪኑ ዙሪያ ዘጠኝ የተለያየ ቦታ ምረጡ፣ ሶስቱ ቀላል፣ ሶስቱ መካከለኛ፣ ሶስቱ ራፍ (ረጅም ሳር) ውስጥ ምናምን አስቀያሚ። ከእያንዳንዱ ቺፕ አድርጋችሁ ፐት አስገቡ፣ ሁለት ምት ፓር (ሚጠበቀው ልክ) ነው፣ ስለዚህ ጠቅላላው 18። ስኮራችሁን ጻፉ። እኔ መጀመሪያ ቀን 31 ነበርኩ፣ ስድስተኛው ሳምንት ላይ 23። ሁለተኛ ኳስ አውጥቶ መድገም የለም፣ ሜዳ ላይ ማን ይሰጣችኋል።

ጊዜ የለኝም ለምትሉ፣ እኔም የለኝም። ማክሰኞና ሐሙስ ከስራ መልስ አርባ አርባ ደቂቃ፣ ቅዳሜ ጠዋት ያ ዘጠኝ ቦታ ጨዋታ፣ ማታ ማታ ማስመሪያው፣ ሌላ የለም። ድራይቨሩን መኪና ውስጥ ተዉት፣ ካወጣችሁት አርባውም ደቂቃ በሱ ነው ሚያልቀው። አንድ ቀን ሁሉም ነገር እምቢ ካለ ደግሞ አስር ኳስ በእጅ ወርውራችሁ ግቡ፣ ሶስት ሰአት ቆሞ እየተናደዱ መምታት ስህተቱን ነው ሚያስለምደው።

ጨዋታ ያላችሁ ቀን ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱና ሬንጁን እለፉት። ፐቲንግ ግሪኑ ላይ ሶስት ኳስ ጣል አድርጋችሁ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ወዲያ ወዲህ ምቱ፣ የዛን ቀን ግሪን ፈጣን ይሁን ዘገምተኛ እጃችሁ ይወቀው፣ ጠዋት ጤዛ ካለ ደግሞ ኳሷ ከምትጠብቁት አጥራ ነው ምትቆመው። መጨረሻ ላይ ከአንድ እርምጃ አምስት ፐት አስገቡ፣ የመግባቱን ድምጽ ጆሯችሁ ይስማው፣ ከዛ ኳሷን አንስታችሁ ወደ ቲው ሂዱ፣ ስታርተሩ (ተራ ጠሪው) ስማችሁን አጣሞም ቢሆን እየጠራ ነው።