የእምነት ምስክርነትን በአንድ ገጽ መጻፍ፦ በሉተራን መንገድ

በሉተራኗ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለካቴኪዝም (ለመሠረታዊ የእምነት ትምህርት) ተማሪዎች "ምስክርነታችሁን ጽፋችሁ ኑ" ሲባል ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንዱ ሦስት ገጽ ሙሉ የድሮ ኃጢአቱን ተርኮ ይመጣል። ሌላው ባዶ ወረቀት ይዞ "እኔ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግሁት፤ ምስክርነት የለኝም" ይላል። ለሁለቱም የሚበጀው አካሄድ ሉተራኖች ስማቸውን ያገኙበት የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም በተባለ አጭር የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ርዝመቱን ወስኑ፦ አንድ ገጽ ይበቃል። በእጅ ጻፉት። ስልክ ላይ ሲሆን የሰው ጽሑፍ ቀድቶ መለጠፍ ያጓጓል፤ ስም ብቻ ቀይሮ ማንም ሊያነበው የሚችል ምስክርነት ደግሞ የማንም አይደለም።

ቀጥሎ ሉተር በካቴኪዝሙ በሦስት ክፍል የሚያብራራውን የሐዋርያትን የእምነት መግለጫ ጮክ ብላችሁ አንብቡና ወረቀቱን ለሦስት ክፈሉት፦ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ።

አብ በሚለው ሥር የተሰጣችሁን ዘርዝሩ። ሉተር ስለ ፈጣሪ ሲመሰክር ዓይንና ጆሮን፣ ልብስና ጫማን፣ ምግብና መጠጥን ሳይቀር ይቆጥራል፤ ሁሉም ያለ እኔ ብቃት የመጣ ነው ይላል። "እግዚአብሔር ብዙ አድርጎልኛል" ከማለት ይልቅ "አባቴ ከሥራ በወጣበት ዓመት የአክስቴ ቤት ማዕድ አልተለየንም" በሉ።

ወልድ በሚለው ሥር ኃጢአታችሁን ሳትሸሽጉ፣ ግን በአጭሩ። ሰሚው ያደረጋችሁትን ሁሉ ማወቅ አያስፈልገውም፤ በወርቅ ወይም በብር ሳይሆን በክርስቶስ ደም መዋጀታችሁን ይስማ።

የሚከብደው ሦስተኛው ነው። እዚህ ጋ እጃችን በልማድ "ወሰንኩ፣ ጌታን ተቀበልኩ፣ ሕይወቴን ሰጠሁ" ብሎ ይሄዳል። እንዲህ መናገር ነውር የለውም፤ በአገራችን ወንጌላውያን ዘንድ የተለመደ ነው። ሉተር ግን የዚህን ክፍል ማብራሪያ የሚጀምረው በገዛ አእምሮዬም ሆነ በኃይሌ በክርስቶስ ማመን ወይም ወደ እርሱ መምጣት አልችልም በማለት ነው። ከዚያ መንፈስ ቅዱስ በወንጌል ጠራኝ፣ በስጦታዎቹ አበራልኝ፣ በእውነተኛ እምነት ቀደሰኝ፣ ጠበቀኝም ይላል። አራቱንም ያደረገው ሌላ ነው።

እንግዲህ ረቂቃችሁን አውጡና "እኔ እንዲህ አደረግሁ" ያላችሁበትን ሁሉ አስምሩበት። በእያንዳንዱ ላይ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን ከማድረጌ በፊት ቃሉን ማን ነገረኝ? የት ሰማሁት? ለምሳሌ፦

"በአሥራ ስድስት ዓመቴ በወጣቶች ጉባኤ ላይ ወስኜ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ።"

ይህ ሲቃና እንዲህ ይሆናል፦

"አያቴ ማታ ማታ መዝሙር 23ን ታነብልን ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቴ በወጣቶች ጉባኤ ላይ ያው ቃል ሲነበብ ለእኔ የተባለ መሆኑ ገባኝ። ለካ ጌታ ሲጠራኝ ነው የኖረው።"

ጉባኤው ከታሪኩ አልወጣም፤ አያትዬው ግን ገቡ። ብዙ ጊዜ በዚህ ጥያቄ ነው እናት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ አንድ የተዘነጋ ስብከት ብቅ የሚለው።

ባዶ ወረቀት ይዞ የመጣው ሰው ከጥምቀቱ ይጀምር። ሉተር ጥርጣሬና ፈተና ሲመጣ "እኔ እኮ ተጠምቄአለሁ" በሉ ብሎ አስተምሯል። በሕፃንነታችሁ ከተጠመቃችሁ ወላጆቻችሁን የት እንደ ሆነ፣ ማን እንዳቀፋችሁ ጠይቁና ጻፉት። ሕፃን ምንም ሳያደርግ መጠመቁ ለሌሎች ጥያቄ ይሆን ይሆናል፤ በእኛ ወግ ግን ጸጋን ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሚያደርግ ታሪክ የለም፤ "ምስክርነት የለኝም" የሚለው ሰው ሙሉ ምስክርነት አለው።

ጥርጣሬ ካለባችሁም አትደብቁት። "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" (ማርቆስ 9፥24) ያለው አባት ልጁ ተፈውሶለታል። ጻድቅም ኃጢአተኛም ነኝ ማለት ለሉተራን እንግዳ አይደለም።

በመጨረሻ ጮክ ብላችሁ ስታነቡ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ፈትኑት። ሉተር ሦስቱንም ማብራሪያዎች "ይህ እርግጥ እውነት ነው" ብሎ ነው የሚዘጋቸው። ይህን ሐረግ ከኋላው ስታስከትሉበት የማይሸከመውን ሰርዙ። "ከእንግዲህ ጌታን አላሳዝነውም" የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል። መጣሉ ከከበዳችሁ "አቤቱ፣ አጽናኝ" ብላችሁ ወደ ጸሎት ቀይሩትና ከገጹ ግርጌ አስቀምጡት።