ከሃይስኩል ሳይወጡ የኮሌጅ ክሬዲት፦ በቴክኖሎጂ ትምህርት ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእህቴ ልጅ እዚህ አሜሪካ ሃይስኩል ሲጨርስ 24 የኮሌጅ ክሬዲት በእጁ ነበር። 8 ኮርስ ማለት ነው። አንዱ የእንግሊዝኛ ድርሰት ነው። 7ቱ የኮምፒውተር ናቸው፦ ጥገና፣ ኔትወርክ፣ ሳይበር ሴኪዩሪቲ፣ አንድ ደግሞ የፕሮግራሚንግ መግቢያ። እህቴ «አንድ ዓመት ተቀነሰልን» እያለች ላገኘችው ሁሉ ትናገር ነበር።

ሰመር ላይ ዩኒቨርሲቲው ክሬዲቱን ገምግሞ ላከ። ከእራት በኋላ ላፕቶፑን ከፍተን አብረን አየነው። 24ቱንም ተቀብሏል። ከ7ቱ የኮምፒውተር ኮርሶች ጎን ግን የተጻፈው አንድ ቃል ነው፦ «ኢሌክቲቭ»። ለኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪው የተቆጠረለት እንግሊዝኛው ብቻ ነበር፤ ያውም እያጉረመረመ የወሰደው። ልጁ ሌላ የተጻፈ ነገር ይኖር እንደሆነ ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርግ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ዕድሉ ራሱ ትልቅ ነው፤ ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። ሚኒሶታ ከ1985 ጀምሮ የሃይስኩል ተማሪዎች ኮሌጅ ገብተው እንዲማሩ ታደርጋለች። ዋሽንግተን ስቴት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኮሙኒቲ ኮሌጅ (የ2 ዓመት ኮሌጅ) የሚማሩበት «ራኒንግ ስታርት» አላት። በ2011 ብሩክሊን ውስጥ የተከፈተው ፒ-ቴክ የተባለ ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪው በ6 ዓመት ውስጥ የሃይስኩል ዲፕሎማና የ2 ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ አንድ ላይ ይዞ እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። በሩ ክፍት ነው። የኛ ቤተሰቦች የሚጎዱት ከገቡ በኋላ በሚሠሩት ስህተት ነው።

«ክሬዲቱ ይቆጠራል?» ብሎ ብቻ መጠየቅ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ካውንስለሩ (የሃይስኩሉ አማካሪ) «አዎ፣ ይቆጠራል» ይላል። አልዋሸም። ጥያቄው ግን «ለየትኛው የዲግሪው መስፈርት ይቆጠራል?» መሆን ነበረበት። አንድ የባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይፈልጋል። ከዚያ ውስጥ የፈለጉትን ኮርስ የሚያስገቡበት ክፍት ቦታ ጥቂት ነው። ኢሌክቲቭ የሚባለው ያ ቦታ ነው። እሱ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ክሬዲት ትራንስክሪፕት ላይ ይቀመጣል እንጂ የምረቃውን ቀን አያቀርብም።

በቴክኖሎጂ ትምህርት ይህ ነገር የሚበረታበት ምክንያት አለው። ኮሙኒቲ ኮሌጆች ሁለት ዓይነት ኮርስ ያስተምራሉ። አንደኛው ወደ ሥራ የሚያስገባ ነው፦ ኮምፒውተር መጠገን፣ ኔትወርክ መዘርጋት፣ ሲስተም መጠበቅ። ይህ «አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ» ወደሚባለው ዲግሪ ይመራል። ሁለተኛው ወደ 4 ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር የተዘጋጀ ነው። ያኛው «አሶሼት ኦፍ ሳይንስ» ይባላል። በስም የአንድ ቃል ልዩነት ነው። በውጤት ግን የዓመታት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ልጁ ቶሎ ሥራ መግባት ከፈለገ፣ ወይም እዚያው ኮሌጅ የአይቲ ፕሮግራሙን ሊቀጥል ከሆነ፣ ከዚያ የተሻለ የለም። ሐሳቡ ኮምፒውተር ሳይንስ ከሆነ ግን ዩኒቨርሲቲው መጀመሪያ የሚጠይቀው ካልኩለስና ፕሮግራሚንግ ነው። ስለዚህ ሃይስኩል እያለ መውሰድ ያለበት የኮሌጅ ሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ ድርሰትና ዩኒቨርሲቲው በስሙ የሚያውቀው የፕሮግራሚንግ ኮርስ ነው። ሒሳብ እንደ ሳይበር ሴኪዩሪቲ ልብ እንደማያሞቅ አውቃለሁ። ዲግሪውን የሚያሳጥረው ግን እሱ ነው።

የፕሮግራሚንግ ኮርሱን ቋንቋም ተመልከቱ። ኮሙኒቲ ኮሌጁ በፓይተን አስተምሮ ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ኮርሱን በጃቫ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የሚሰጥ ከሆነ፣ ኮርሱ ኢሌክቲቭ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ «አሲስት» በሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ ማየት ትችላላችሁ። ሌላ ቦታ ያላችሁ የዩኒቨርሲቲውን የትራንስፈር ቢሮ በኢሜይል ጠይቁ። በስልክ የተባለ ነገር ይረሳል። ኢሜይሉን አስቀምጡት።

ሁለቱን ኤፒ ማምታታት

በኤፒ (ሃይስኩል ውስጥ በሚሰጡት የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች) በኩል ሁለት የኮምፒውተር ኮርሶች አሉ። ስማቸው ስለሚቀራረብ ወላጅ አንድ ይመስሉታል። «ኮምፒውተር ሳይንስ ፕሪንሲፕልስ» ሰፋ ያለ መግቢያ ነው። ከውጤቱ 30 በመቶው ተማሪው ራሱ ከሚሠራው ፕሮጀክት ይመጣል። «ኮምፒውተር ሳይንስ ኤ» ደግሞ ጃቫ ነው፤ ኮድ መጻፍ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለዲግሪው የመጀመሪያ የፕሮግራሚንግ ኮርስ የሚተኩት ይህን ሁለተኛውን ነው። ፕሪንሲፕልስ ገና ለሚጀምር ልጅ ጥሩ መግቢያ ነው። እዚያ ላይ ማቆም ነው ችግሩ።

ሌላው፣ ክፍል ውስጥ «ኤ» ማግኘት ለብቻው የኮሌጅ ክሬዲት አያስገኝም። ክሬዲቱ ያለው ግንቦት ላይ በሚሰጠው ፈተና ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። 3 የሚበቃቸው ኮሌጆች አሉ፤ 4 ወይም 5 የሚጠይቁም አሉ። ለፈተናው መመዝገቢያ ቀን ደግሞ በመኸር ወራት ያልፋል። የፈተናው ክፍያ ከከበዳችሁ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ቅናሽ አለ። ካውንስለሩን ጠይቁት፤ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ክሬዲቱ በራሱ ይመጣል ብሎ መቀመጥ

አንዳንድ የሙያና የቴክኒክ ኮርሶች እዚያው ሃይስኩል ውስጥ፣ በሃይስኩሉ መምህር ይሰጣሉ። ከኮሌጅ ጋር ስምምነት ስላላቸው ክሬዲት ያስገኛሉ። ተማሪው ግን ራሱ በኮሌጁ በኩል መመዝገብ አለበት። ብዙ ጊዜም ቢያንስ «ቢ» ማምጣት ይጠበቅበታል። መምህሩ ይህንን ዓመቱ ሲጀመር አንድ ጊዜ ይናገራል። ልጁ አይሰማም፤ ወይም ሰምቶ ይረሳል። ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ኮርሱን በጥሩ ውጤት ይጨርሳል፤ ኮሌጁ ግን ስሙን እንኳ አያውቀውም። ልጃችሁን ዛሬ ማታ ጠይቁት፦ «ይሄ ኮርስ የኮሌጅ ክሬዲት አለው? ተመዝግበሃል?»

የሃይስኩል ትራንስክሪፕትና የኮሌጅ ትራንስክሪፕትም አንድ አይደሉም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ኮርሱን ከሰጠው ኮሌጅ ኦፊሴላዊው ትራንስክሪፕት ለብቻው መላክ አለበት። የኤፒ ውጤትም እንዲሁ።

ውጤቱ ሃይስኩል ላይ ይቀራል ብሎ ማሰብ

በ16 ዓመቱ ያመጣው ውጤት ቋሚ የኮሌጅ መዝገብ ላይ ነው የሚጻፈው። ነርሲንግም ይማር ሕግ፣ ወደፊት ትራንስክሪፕት ሲጠየቅ ያ ውጤት አብሮት ይሄዳል።

የማውቃት አንዲት ልጅ አለች። ጎበዝ ተማሪ ናት። የ11ኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ በኦንላይን የሚሰጥ የፕሮግራሚንግ ኮርስ ጀመረች። የሩጫ ልምምድ ነበረባት፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሥራ። በ5ኛው ሳምንት ከበዳት። ምን አደረገች? ተወችው። መግባት አቆመች፤ ለማንም አልተናገረችም። የተወችው ኮርስ በራሱ የሚሰረዝ መስሏት ነበር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ «ኤፍ» ሆኖ መጣ። እናቷ ያወቀችው በቀጣዩ ዓመት ለኮሌጅ ማመልከቻ ሲዘጋጅ ነው።

ኮርስ ለመተው ሁለት የመጨረሻ ቀኖች አሉ። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ኮርሱን ከጣለ ምንም ምልክት አይቀርም። ከዚያ በኋላ እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ «ደብልዩ» (ኮርሱን አቋርጧል ማለት ነው) ይጻፋል፤ ይህ ጂፒኤውን አይነካም። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ያለው ውጤት የመጣው ነው። ኮርሱ በተጀመረበት ቀን ሁለቱንም ቀኖች ፍሪጁ ላይ ለጥፏቸው።

«ደብልዩ»ም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደለም። ልጁ ኋላ እዚያው ኮሌጅ ቀጥሎ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ሲጠይቅ ኮሌጁ ከጀመራቸው ክሬዲቶች ስንቱን እንደጨረሰ ያያል። ብዙ ኮሌጆች 67 በመቶውን መጨረስና 2.0 ጂፒኤ ይጠይቃሉ። አንድ «ደብልዩ» ሰው አይጥልም። ሦስት አራት ሲሆን ግን እርዳታው ላይ ጥያቄ ያስነሳል።

ሰዓቱን ቀድማችሁ ቁጠሩ። በተለመደው ስሌት ለ1 ክሬዲት በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ከክፍል ውጭ ይታሰባል። የ3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት ይወስዳል። ፕሮግራሚንግ ሲሆን ከዚያም ሊያልፍ ይችላል፤ አንድ የጠፋች ነጠላ ሰረዝ አንድ ምሽት ትበላለችና። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ልጅ በአንድ ኮርስ ይጀምር።

በልጁ ፈንታ ኮሌጁ ደውሎ መጨቃጨቅ

እኛ በልጃችን ፈንታ መናገር ግዴታችን ይመስለናል። ኮሌጅ ውስጥ ግን ፕሮፌሰሩ የሚያውቀው ተማሪውን ነው። ከ1974 ጀምሮ ባለው ፌርፓ በሚባለው የተማሪ መዝገብን ምስጢር በሚጠብቅ ሕግ መሠረት፣ ተማሪው ኮሌጅ ሲገባ በኮሌጁ መዝገቡ ላይ ያለው መብት ወደ ራሱ ይዞራል፤ 18 ባይሞላም። ብትደውሉ «መናገር አልችልም» ብትባሉ ንቀት አይደለም። ኢሜይሉን ልጁ ይጻፍ። እናንተ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ሲጽፍ አንብቡለት።

«ነፃ ነው» ሲባል ሳያጣሩ ማመን

ነፃ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ቱሽኑ (የትምህርቱ ክፍያ) ነው። መጽሐፍ፣ የተለያዩ ክፍያዎችና መጓጓዣ ከኪስ ሊወጡ ይችላሉ። ሚኒሶታ መጽሐፉንም ትሸፍናለች፤ ዋሽንግተን በራኒንግ ስታርት መጽሐፍ የምታስገዛው ቤተሰቡን ነው። ካውንስለሩ ዘንድ ስትሄዱ ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ምን እገዛ እንዳለ አብራችሁ ጠይቁ።

ኳርተርን እንደ ሴሚስተር መቁጠር

ዋሽንግተን ስቴት ያሉ ኮሙኒቲ ኮሌጆች በኳርተር (ከሴሚስተር ባጠረ የትምህርት ወቅት) ነው የሚያስተምሩት። 15 የኳርተር ክሬዲት ወደ ሴሚስተር ሲቀየር 10 ነው። ሌላ ስቴት ሊሄድ ያሰበ ልጅ ይህን ቀድሞ ይወቅ።

ሰርተፍኬትን ከክሬዲት ጋር ማምታታት

ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ (የኮምፒውተር ጥገና) ወይም የሲስኮ ሲሲኤንኤ (የኔትወርክ) ሰርተፍኬት ጥሩ ነገር ነው። ለሰመር ሥራ ይጠቅማል። ግን ፈተናውን አልፎ የሚገኝ የሙያ ማረጋገጫ ነው እንጂ ክሬዲት አይደለም። ክሬዲት የሚሰጡበት ኮሌጆች አሉ፤ ሁሉም አይደሉም። ሁለቱም ሰርተፍኬቶች የሚያገለግሉት ለ3 ዓመት ነው። 10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ የወሰደው ልጅ ካላደሰው የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቱ ሲያልቅ ገደማ ጊዜው ያልፍበታል። ሥራ ሊፈልግ ሲል ቢወስደው ይሻላል።

ሲለበሱን መጣል

ሲለበስ ኮርሱ በየሳምንቱ ምን እንዳስተማረ የሚዘረዝር ወረቀት ነው። ኮርሱ ሲያልቅ ማንም አያስታውሰውም። የእህቴ ልጅ ያንን ምሽት ካየነው በኋላ ለኮምፒውተር ሳይንስ ዲፓርትመንቱ ጻፈ፤ የፕሮግራሚንግ መግቢያው ለምን ኢሌክቲቭ ሆነ ብሎ። የመለሱለት አንድ መስመር ነው፦ ሲለበሱን ላክ። ከድሮ ኢሜይሎቹ ውስጥ ቆፍሮ አገኘው። የሠራቸውን ሁለት ፕሮጀክቶች አብሮ አያያዘ። ከ3 ሳምንት በኋላ ኮርሱ ለዲግሪው ተቆጠረለት። ከ3 ወደ 6 ክሬዲት ማለት ነው። የኔትወርኮቹን ግን አልቀየሩለትም። አሁን ታናሽ እህቱ 9ኛ ክፍል ገብታለች። የመጀመሪያውን የኮሌጅ ኮርሷን ከመመዝገቧ በፊት ለትራንስፈር ቢሮ የምትልከውን ኢሜይል ከእሷ ጋር ቁጭ ብሎ የጻፈው እሱ ነው።