ከካት እስከ ፕሌስመንት፦ የህንድ ተማሪዎች በገዛ እጃቸው የሚጽፏቸው ስህተቶች

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ህንዳዊ የሒሳብ ባለሙያ አለ። ልጁ አዲስ አበባ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ከኔ ልጆች ይሻላል። አሁን ባንጋሎር የምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ባለፈው ለእረፍት መጥታ ቢሮ ብቅ አለችና «ጋሼ፣ እርስዎ ሃይደራባድ ሲማሩ ጓደኞችዎ በብዛት ምን ላይ ነበር የሚወድቁት?» አለችኝ።

ስንፍና ነው ብዬ ብገላገላት ውሸት ይሆንብኛል። ሁለት ዓመት ዶርም አብሬያቸው ኖሬያለሁ፤ እንደነሱ የሚያጠና ሰው አላየሁም። ብዙዎቹ የወደቁት ባላወቁት ሳይሆን በጻፉት ነው፤ ቅጽ ላይ ያልሆኑትን ሆነው፣ ያላነበቡትን ውል ፈርመው። አንዳንዴም መጻፍ ሲገባቸው ፈርተው ባዶ በተዉት። ለእሷ የነገርኳትን እዚህም ላስፍረው።

ኔጌቲቭን እንደ ጅብ መፍራት

ካት የሚባለው ፈተና የህንድ ማኔጅመንት ኢንስቲትዩቶች፣ በአጭሩ አይ አይ ኤሞች፣ ተማሪ የሚመርጡበት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በኖቬምበር መጨረሻ፣ በኮምፒውተር ይሰጣል። ለትክክለኛ መልስ 3 ነጥብ ይገኛል፤ ምርጫ ያለውን ጥያቄ የሳተ 1 ነጥብ ይቀነስበታል። ኔጌቲቭ የሚሉት ይህንን ነው። ጓደኞቼ ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

እስቲ እናስላው። አንድ ሰው አራት አራት ምርጫ ያላቸውን 100 ጥያቄዎች ዓይኑን ጨፍኖ ቢገምት በአማካይ 25ቱን ያገኛል፤ 75 ነጥብ። 75ቱን ይስታል፤ 75 ነጥብ ይቀነስበታል። ዜሮ ላይ ያርፋል። ከአራቱ አንዱ ምርጫ በእርግጥ እንዳልሆነ ካወቀ ግን ሒሳቡ ወደ እሱ ያዘነብላል፤ ሁለቱን ከጣለማ ባዶ መተው ኪሳራ ነው። የሕክምና ትምህርት መግቢያ የሆነው ኒት ላይ ደግሞ ለትክክሉ 4 ይሰጣል፣ ለስህተቱ 1 ይቀነሳል። ያው 100 ጭፍን ግምት እዚያ በአማካይ 25 ነጥብ ያስተርፋል። ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኞች የሚመረጡበት የሲቪል ሰርቪስ ፈተና የመጀመሪያ ዙር፣ በጠቅላላ ዕውቀቱ ወረቀት፣ 2 ነጥብ ሰጥቶ ለስህተት ሲሶውን ይቀንሳል፤ እሱም እንደ ካት ዜሮ ላይ ነው የሚያርፈው። የሦስቱ ሒሳብ አንድ አይደለም። ጓደኞቼ ግን «ካላወቅህ ተወው» የምትለውን አንዲት ምክር ለሁሉም ይዘው ይገቡ ነበር።

የሚያንገበግበው ቲታ ነው። ቲታ ማለት ምርጫ የሌለው፣ መልሱ በኪቦርድ የሚጻፍበት የካት ጥያቄ ነው። ቢሳሳቱ የሚቀነስ የለም። ለምሳሌ አራት የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮች ይሰጡና በቅደም ተከተል አስቀምጡ ይባላል። የመጀመሪያው የትኛው እንደሆነ የገባው ሰው የቀሩትን ሦስቱን በስድስት መንገድ ብቻ ነው ሊደረድር የሚችለው። አንዱን መጻፍ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ያም ሆኖ «ኔጌቲቭ አለው» በሚል ድንጋጤ ባዶ ትቶት የሚወጣ አለ።

አንድ ጥያቄ ላይ መሞት

ካት ሁለት ሰዓት ነው፤ ንባብ፣ አመክንዮና ሒሳብ እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ አላቸው። ጊዜው ሲያልቅ ክፍሉ ይዘጋል፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ከኔ ፊት ለፊት ያለው ክፍል የሚኖር የካርናታካ ልጅ ልምምድ ሲፈተን ሰዓት የምይዝለት እኔ ነበርኩ። አመክንዮው ላይ ስምንት ሰዎች ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዴት እንደተቀመጡ የሚጠይቅ እንቆቅልሽ ገጠመው። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ሰዎች አስቀመጠ። አሥራ አራተኛው ላይ ሁሉንም ሰረዘ። ሃያ ሁለተኛው ላይ ፈታው፤ ደስታው ለጉድ ነበር። ከጎኑ ግን ልጅ የሚፈታው ሰንጠረዥ ሳይነካ ቀርቷል።

ይህ የሚመጣው ፐርሰንታይልን ካለመረዳት ነው። 99 ፐርሰንታይል ማለት ከመቶ 99 ማምጣት አይደለም፤ ከተፈተኑት 99 በመቶውን መብለጥ ነው። ካት ላይ ከ2 መቶ ሺህ በላይ ሰው ይቀመጣል፤ በቅርብ ዓመታት የጠቅላላውን ነጥብ ግማሽ ሳይሞሉ 99 ፐርሰንታይል የገቡ አሉ። ስለዚህ ብዙ ጥያቄ ጥሎ መውጣት ያለ ነው፤ ዋናው የሚጣለውን መለየት ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝቅተኛ መግቢያ እንዳለውም አይዘነጋ። ሒሳብ ላይ ሰማይ የነካ ልጅ በንባቡ ምክንያት ሲቀር አይቻለሁ።

ልምምዱስ? ማክ ይሉታል። አርባና ሃምሳ ማክ ወስደው ውጤቱን ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ ነበሩ፤ የትኛውን ጥያቄ ለምን እንደሳቱ ግን ተመልሰው አያዩም። ሁለት ሰዓት ተፈትኖ ሦስት ሰዓት ስህተቱን የሚመረምር ሰው አሥራ አምስት ይበቃዋል ባይ ነኝ።

ወረቀት

አጭር ናት፣ ግን ስንቱን ቤቱ መልሳለች። ህንድ ውስጥ በማዕከላዊ መንግሥት ተቋማት ከመቀመጫው 27 በመቶው ኦ ቢ ሲ ለሚባሉት ወደ ኋላ የቀሩ የኅብረተሰብ ክፍሎች፣ 15ቱ ኤስ ሲ ለሚባሉት በካስት ሥርዓት ለተገለሉ ወገኖች፣ 7.5ቱ ኤስ ቲ ለሚባሉት ጎሣዎች፣ 10ሩ ደግሞ ከነዚህ ውጭ ሆነው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ይያዛል። የኦ ቢ ሲው ምስክር ወረቀት በማዕከላዊ መንግሥቱ ቅጽ የተዘጋጀና የዘንድሮ መሆን አለበት። የክልሉን ቅጽ፣ ወይም የአምናውን ይዞ የሚመጣ በየዓመቱ አይጠፋም። መታወቂያው ላይ ያለው ስም ከ10ኛ ክፍል ካርዱ በአንድ ፊደል ሲለይም ያው ጣጣ ነው። ኒት ላይ ደግሞ በሩ የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነው፣ ፈተናው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ። ካለፈ ልመና አይሠራም።

ቅጽ ላይ የማይኖሩበትን ትርፍ ጊዜ መሙላት

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኔም እጅ አለበት።

ያ የካርናታካ ልጅ ፈተናውን አልፎ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ቅጹ በትርፍ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ይጠይቃል። «ማንበብና መጓዝ» ብሎ እንዳይጽፍ ሁሉም ይጽፈዋል። አሰበና «ፊልተር ቡና ማፍላት» ብሎ ሞላ። ፊልተር ቡና የደቡብ ህንድ ነገር ነው፤ ከላይና ከታች ባለው የብረት ዕቃ ጠብ ጠብ እያለ ይወርድና በወተት ይጠጣል። እውነቱን ለመናገር ልጁ ሲጠጣ እንጂ ሲያፈላ አይቼው አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠጣውም ከኔ ጀበና ነበር።

ሦስት ጠያቂዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ቅጹን አየት አድርጎ «ፊልተር ቡና ውስጥ ቺኮሪ ለምን ይጨመራል?» አለው። «ለመዓዛ» አለ። ቺኮሪ ተቆልቶ የሚፈጭ ሥር ነው፤ ቀለሙን ያጠቁራል፣ መጠጡን ያወፍራል፣ ዋጋውንም ይቀንሳል። ካፌይን የለውም። «ክልልህ ካርናታካ ከህንድ ቡና ምን ያህሉን ያመርታል?» ዝም። ሰባ በመቶ ገደማ ነው። «አራቢካስ መነሻው የት ነው?» አሁን ዳነ፤ ባባ ቡዳን የሚባሉት ሱፊ ሰባት ፍሬ ከየመን ደብቀው አምጥተው ቺክማጋሉር ኮረብታ ላይ ተከሉ የሚለውን ተረት ልጅ ሳለ ሰምቷል። «የመን!» አለ በኩራት። ጠያቂው «ከየመን በፊትስ?» ሲለው አንገቱን ደፋ።

ማታ መጥቶ ሲነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዓመት ሙሉ በሩን ከፍቶ በወጣ ቁጥር የሚያየው የከፋ ልጅ ቡና ሲቆላ ነው። አንድ ቀን እንኳ «ይሄ ነገር ከየት መጣ?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ጠያቂዎቹ ባለሙያ ጠጪ አልፈለጉም። የፈለጉት ወደድኩት ያለውን ነገር አንድ ደረጃ ጠልቆ መጠየቁን ነው። ስለዚህ ቅጹን የሚሞላ ሰው ከጻፈው እያንዳንዱ ቃል ሥር ሦስት ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፤ ሦስተኛው ላይ ከተሰናከለ ቃሉን ይሰርዝ። በሲቪል ሰርቪሱም እንዲሁ ነው። ቃለ መጠይቁ ከ2025 ነጥብ 275ቱን ይይዛል፤ ጥያቄውም በብዛት የሚቀዳው ተፈታኙ በሞላው ዝርዝር ቅጽ ላይ ካለው ከትውልድ ከተማው፣ ከስሙ ትርጉም፣ ከተማረው ትምህርት ነው። የራሱን ወረዳ ወንዝ የማያውቅ ሰው የዓለም ኢኮኖሚ ላይ ሲራቀቅ አያምርበትም።

ስለራስህ ንገረን ሲባል የተሸመደደ ነገር ማንበልበልም አለ። ለጠያቂው በቀን ሃያ ጊዜ የሰማው መዝሙር ነው። «አላውቀውም፣ ግን ልገምት ከተፈቀደልኝ…» ማለት ከዚያ አሥር እጅ ይሻላል።

የቡድን ውይይትን በግ ተራ ማድረግ

እነሱ «ፊሽ ማርኬት» ይሉታል። አሥር ሰው ክብ ሠርቶ በአንድ ርዕስ ላይ ሲከራከር ቀድሞ የጮኸ የሚያልፍ ይመስላቸዋል። እኔ ያየሁት ያለፉት ቆየት ብለው ወደ ክርክሩ ገብተው «እስካሁን ሁለት ሐሳብ ነው የተነሳው፣ ሦስተኛው ግን አልተነካም» ያሉት ናቸው። ብዙ የሚባል የለውም።

«አንድ ዓመት ብቻ»

ራጃስታን ውስጥ በቻምባል ወንዝ ዳር ኮታ የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟ ከእኛ ኮታ ጋር አይዛመድም። ለምህንድስናና ለሕክምና መግቢያ የሚዘጋጁ ልጆች ከመላው አገር የሚሰበሰቡባት ናት። ዴልሂ ውስጥ ደግሞ ሙከርጂ ናጋርና ኦልድ ራጂንደር ናጋር የሲቪል ሰርቪስ ተፈታኞች ሰፈሮች ናቸው። በነዚህ ቦታዎች የሚሠራው ትልቁ ስህተት ፈተና መድገም አይደለም፤ መቼ እንደሚቆም ሳይወስኑ መድገም ነው። ሲቪል ሰርቪሱ ለአጠቃላይ ምድብ ተፈታኝ 6 ሙከራ እስከ 32 ዓመቱ ይፈቅዳል፤ በቅርብ ዓመታት በመጨረሻ የተመረጡት ግን 1 ሺህ ገደማ ናቸው። ደንቡ ስድስት ስለፈቀደ ስድስቱንም መጠቀም ግዴታ ይመስላቸዋል።

ከሕንፃችን አንድ ልጅ «አንድ ዓመት ብቻ» ብሎ ሄዶ አራት ዓመት ቆየ። ቤተሰቡ አልገፋውም፤ የጠፋው ዓመት ከንቱ እንዳይቀር ብሎ ሌላ ዓመት እየጨመረበት ነው። ኮታ ውስጥ አስተዳደሩ በ2023 በተማሪ ማደሪያዎች የኮርኒስ ማራገቢያ ላይ ስፕሪንግ እንዲገጠም አዟል። ለምን እንደሆነ መጻፍ አልፈልግም። ለመድገም የወሰነ ልጅ ከመጀመሩ በፊት የሚያቆምበትን ዓመትና ከዚያ በኋላ የሚሠራውን ሥራ ጽፎ ለአንድ ሰው ቢሰጥ ይሻላል፤ በሦስተኛው ውድቀት ማግስት የሚወስን ጭንቅላት አይኖርም።

ፓኬጅ የሚሉት ቁጥር

ፕሌስመንት ማለት ኩባንያዎች ግቢ ድረስ መጥተው ተመራቂ የሚቀጥሩበት ወቅት ነው። ብዙ ኮሌጅ አንድ ተማሪ አንድ ቅጥር ካገኘ ከሰልፉ ያስወጣዋል። ይህን ሳያጣሩ «ለልምምድ» ብለው የማይፈልጉት ኩባንያ ጋ ገብተው ተቀጥረው የቀሩ አሉ። ሲቪ ላይ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ፕሮጀክት መለጠፍም የታወቀ ነው፤ «ይቺ መስመር ምን ትሠራለች?» የምትል አንዲት ጥያቄ ታፈርሰዋለች።

እዚህ ስደርስ ልጅቷ ስልኳን አወጣች። ክረምት የተለማመደችበት ኩባንያ ቀድሞ የቅጥር ደብዳቤ ሰጥቷታል፤ ፓኬጁ፣ ማለትም የዓመቱ ጠቅላላ ክፍያ፣ 12 ላክ። ላክ እነሱ ጋ 100 ሺህ ነው፤ እኛ ዶርም ውስጥ ግን ወደ ቤት ደውለን የምንለው ቃል ነበር። «በወር 1 ላክ ሩፒ ነው አይደል ጋሼ?» አለችኝ።

ወረቀት አምጪ አልኳት። ከ12ቱ ውስጥ 1 ላኩ የመግቢያ ጉርሻ ነው፣ አንዴ ብቻ፤ ዓመት ሳይሞላት ከለቀቀች ትመልሳለች። 1 ላክ ከ50 ሺው በሥራ አፈጻጸም የሚወሰን ነው፣ ሊመጣም ሊቀርም ይችላል። መነሻ ደመወዟ 4 ላክ ተብሏል፤ አሠሪው የሚያስቀምጥላት የጡረታ ቁጠባ የዚያ 12 በመቶ፣ 48 ሺህ ነው፣ እሱም ከ12ቱ ውስጥ ተቆጥሯል። ለስንብት የሚያዘው 4.81 በመቶ፣ 19,240 ሩፒ፣ እሱም ተቆጥሯል። ሲደመር 317,240። የቀረው 882,760 ለ12 ሲካፈል 73,563። ከዚህ ላይ የራሷ የቁጠባ መዋጮ 4 ሺህ ይነሳል። እጇ የሚገባው 69,500 ገደማ ነው፣ ግብር ካለ ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

«ባንጋሎር የቤት ኪራይ…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

ቦንድ አለው ወይ አልኳት። አለው፤ ሁለት ዓመት ሳትሞላ ብትለቅ 1 ላክ ትከፍላለች። የትምህርት ማስረጃ ኦሪጅናሉን አስረክቢ የሚል አንቀጽ ግን የለበትም፤ እሱ ቢኖር ኖሮ ደብዳቤውን መልሺው ነበር የምላት። ከዚያ የሥራ መጀመሪያው ቀን መቼ ነው አልኳት። በ2022 የተመረቁ ስንቶች የቅጥር ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው ከዓመት በላይ ጥሪ ሲጠብቁ እንደቆዩ እነዚያው የዶርም ጓደኞቼ ነግረውኛል።

ስልኳን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችው። ሁለተኛውን ገጽ ከፈተች፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ፊርማዋ ከታች አለ፤ ቀኑ የለም።