አልጌው ገረጣ፤ ውሃው መርዛማ ነው?

ጅማ ካሉት ከአዌቱ ወንዝ ወይም ከቦዬ ረግረግ የቀዳችሁትን ውሃ በአረንጓዴ ደቃቅ አልጌ (ክሎረላ፣ ሴንደስመስ) ስትፈትሹ ውጤቱ ግራ ካጋባችሁ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ማነጻጸሪያው ራሱ አላደገም፦ ሌላውን ሁሉ ተዉት። ያልተበከለው አልጌ በ72 ሰዓት ቢያንስ 16 እጥፍ ካልበዛ ሙከራው አይቆጠርም። ዘሩ (ሙከራውን የምትጀምሩበት አልጌ) አርጅቶ፣ ጠርሙሱ ላይ ሳሙና ቀርቶ፣ ወይም (ጅማ ላይ ብርቅ አይደለም) መብራት ጠፍቶ አድሮ ይሆናል። በፍጥነት እያደገ ካለ ዘር እንደገና ጀምሩ።

ገርጥቷል፣ አይበዛም፦ ውሃው በጥቅምትና በኅዳር የተቀዳ ከሆነ ኬሚካል ለመወንጀል አትቸኩሉ። የቡና እጥበት ፍሳሽ ኮምጣጣ ነው፤ መልኩም ጠቆር ይላል። አሲዱም ጥላውም ለየብቻቸው ዕድገት ይገታሉ። ፒኤቹን (የኮምጣጣነቱን ልክ) ለኩ፤ ግማሹን ናሙና አስተካክሉ፣ ግማሹን እንዳለ ፈትሹ፤ ፒኤች ሲቀየር የብረቶች መርዛማነትም ይቀየራልና። ጥላውን ለመለየት የማነጻጸሪያውን ጠርሙስ ፍሳሹን በያዘ ሰፊ ብርጭቆ መሃል አቁሙት። አልጌውና ፍሳሹ አይነካኩም፤ ብርሃኑ ግን ፍሳሹን አልፎ ይደርሳል። እንዲህም ሆኖ ዕድገቱ ከቀነሰ የቀነሰው በጥላ ነው። የናይትሮጅን እጥረትም ያገረጣል፤ ናይትሬት ሲጨመርለት ከለመለመ ርቦት ነበር።

ፍሎረሰንሱ (አልጌው መልሶ የሚያወጣው ቀይ ብርሃን) ጨምሯል፣ ሴሉ ግን አልጨመረም፦ እንደ አትራዚንና ዳይዩሮን ያሉ ፀረ አረሞችን ጠርጥሩ። በፎቶሲንተሲስ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያልፍበትን ዲ1 ፕሮቲን ይዘጋሉ። አልጌው የዋጠው ብርሃን ሥራ ሲያጣ ቀይ ሆኖ ተመልሶ ይወጣል፤ መሣሪያው ይህንን ዕድገት ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ መሣሪያውን ብቻ አትመኑ፣ በማይክሮስኮፕ ሴል ቁጠሩ።

መዳብ ጨምራችሁ ምንም አልሆነም፦ መዳብ በቡና በሽታ መከላከያ ርጭት ውስጥ ስላለ ይህ ውጤት ያዘናጋል። አልጌው ጠንክሮ ሳይሆን ምግቡ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ (ብረቶችን የሚያስር ኬሚካል) መዳቡን አስሮት ሊሆን ይችላል። ኢዲቲኤው አነስተኛ በሆነ ምግብ ድገሙት።

ከማነጻጸሪያው በልጦ አደገ፦ የከተማ ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ይመጣል፤ ያ ማዳበሪያ መርዙን ይሸፍናል። ለሁሉም ጠርሙስ በቂ ምግብ ስጡና ናሙናውን በተለያየ መጠን አቅጥናችሁ ፈትሹ። አንዳንድ መርዝ በጣም ሲቀጥን ዕድገት ስለሚያነቃቃ በአንድ መጠን ብቻ አትፍረዱ።