ጊታር በራስ ሲማሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

አዳማ ላይ ጊታር የጀመርኩት ያለ አስተማሪ ነው። የነበረኝ ስልክና የጓደኛ ምክር ብቻ ነው። አሁን የሰፈር ልጆች ጊታራቸውን ይዘው ይመጡብኛል። ብዙዎቹ «እኔ ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም» ይላሉ። ይሄ ንግግር ሁሌ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ጊታሩን ተቀብዬ ሳየው፣ ስንት ጊዜ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የመሣሪያው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ጣታችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ጊታሩን ፈትሹ።

«ጣቴን በጣም ያመኛል»

መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሕመም ያለ ነው። የጣት ጫፍ እስኪጠነክር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። በየቀኑ 15 ደቂቃ መለማመድ፣ ቅዳሜን ጠብቆ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በጣም ይሻላል። ከወር በኋላም ሕመሙ ካልቀነሰ ግን ክሩ ከአንገቱ በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

መለኪያው ኪሳችሁ ውስጥ አለ። የኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ብረቶች፣ ማለትም ከፍሬቶቹ፣ ከጭንቅላቱ በኩል 12ኛውን ቁጠሩ። እዚያ ላይ ሦስት ካርድ ደራርባችሁ ከወፍራሙ ክር ሥር አስገቡ። የብረት ክር ያለው ጊታር ከሆነ ሦስቱ ልክክ ቢሉ ጥሩ ነው። አምስት ገብቶ ገና ቦታ ከተረፈ፣ ያ ጊታር ማንንም ያሰቃያል። በናይለን ክር ግን አምስትም ጤነኛ ነው።

መፍትሄው ድልድዩ ላይ፣ ማለትም ክሮቹ ሳጥኑ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት ላይ፣ ክሩ የሚያርፍበት ነጭ ዘንግ ነው። ክሩን አላልታችሁ ዘንጉን አውጡትና ከሥሩ በኩል በብርጭቆ ወረቀት ሞርዱት። 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ፣ ከዘንጉ 2 ሚሊ ሜትር መቀነስ አለበት። ትንሽ ትንሽ እያላችሁ፣ እየመለሳችሁ እየለካችሁ ሥሩ። የተሞረደ አይመለስም። አንገቱ ራሱ ከጎበጠ ግን ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

«ድልድዩ እየተነሳ ነው»

ይሄ በኔ ደርሷል። የመጀመሪያ ጊታሬን ስገዛ ሱቁ የብረት ክር አስሮበት ነበር፤ ጊታሩ ግን የተሠራው ለናይለን ነው። በሦስተኛው ወር ከድልድዩ ኋላ ወረቀት ማስገባት ቻልኩ። አንድ ምሽት ከክፍሉ ጥግ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድልድዩ ከነክሮቹ ተገንጥሎ፣ ሥሩ የነበረው ጥሬ እንጨት ታየ። በጣም አዘንኩ። ገንዘብ አጠራቅሜ የገዛሁት ነበር።

ምክንያቱ የክሩ ውጥረት ነው። ስድስት የናይለን ክሮች ባንድ ላይ 40 ኪሎ ግድም ይስባሉ፤ የብረቶቹ ግን 70 ኪሎ ያልፋሉ። ለመለየት ድልድዩን እዩ። ክሩ ቀዳዳ ውስጥ አልፎ ራሱ ላይ የሚታሰር ከሆነ የናይለን ነው። በትንንሽ ችንካር የሚያዝ ከሆነ ለብረት ነው። «የብረቱ ድምፅ ይጎላል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። መነሳት ከጀመረ ዛሬውኑ ክሩን አላሉት።

«ቃኝቼው ወዲያው ይወርዳል»

አዲስ ክር ይለጠጣል። ካሰራችሁት በኋላ እያንዳንዱን በጣት ቀስ ብላችሁ ሳቡና መልሳችሁ ቃኙ፤ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት። ናይለን ለጥቂት ቀናት ያስቸግራል፤ ታገሱት። ስትቃኙ ሁሌ ከወረደ ድምፅ ወደ ላይ ውጡ። ካለፋችሁ በደንብ አውርዳችሁ እንደገና ውጡ። ቁልፉን ስታዞሩ «ጠቅ» የሚል ከሆነ፣ ክሩ አንገቱ ጫፍ ያለው ቦይ ላይ ተይዟል። ቦዩን በእርሳስ ቀቡት፤ ይንሸራተታል።

የቆርቆሮ ቤት ሙቀትም አለ። ከሰዓት የቃኛችሁት የብረት ክር፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ጊታሩ አልተበላሸም። ሁሌ ልትጫወቱ ስትሉ ቃኙ።

የክሮቹ ስምና በሰከንድ የሚርገበገቡበት ቁጥር (ኸርዝ) ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ 82.4፣ ኤ 110፣ ዲ 146.8፣ ጂ 196፣ ቢ 246.9፣ ኢ 329.6 ኸርዝ ነው። የስልኩ መቃኛ ፊደሉን ብቻ ካሳያችሁ፣ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ፊደል፣ ወደ ላይ ሄዳችሁ ክር ልትበጥሱ ትችላላችሁ። ቁጥሩንም እዩ።

«ዝዝዝ ይላል»

መጀመሪያ ጣታችሁ ፍሬቱ አጠገብ መሆኑን አረጋግጡ። መሃል ላይ ከተጫነ ማንም ጊታር ይንዘረዘራል። ጣቱ ልክ ሆኖም ዝዝታው በጥር አካባቢ ከመጣ፣ የፍሬቶቹም ጫፍ መዳፍ መቧጨር ከጀመረ፣ እንጨቱ ደርቋል። የአዳማ በጋ ደረቅ ነው፤ ነፋሱም ይጨምርበታል። ጊታር የሚወደው ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ነው። የተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ እርጥብ ግን በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ አድርጉና ከጊታሩ ጋር ቦርሳው ውስጥ ዝጉት። ቁምሳጥን ላይ አታስቀምጡት፤ ሙቀቱ ያለው ቆርቆሮው ሥር ነው። አልጋ ሥር ይሻላል። በክረምት ደግሞ እንጨቱ ያብጥና ክሩ ከፍ ይላል፤ ያኔ ስፖንጁን አውጡ።

«ኮርድ ስይዝ አንዱ ክር አይጮህም»

ኮርድ ማለት አብረው የሚጮሁ ድምፆች ናቸው። ባንዴ አትምቱት። ክር የሚቆጠረው ከቀጭኑ ነው፤ ከ5ኛው ጀምራችሁ አንድ በአንድ ንኩ። የታፈነው ጋ ስትደርሱ ቁሙና የትኛው ጣት እንደነካው እዩ። ብዙ ጊዜ ጣቱ ተኝቶ ነው። አውራ ጣትን ወደ አንገቱ ጀርባ መሃል አውርዱት፤ ሌሎቹ ራሳቸው ይቆማሉ። ከኮርድ ኮርድ መዘዋወር የከበደው በሲ እና በኤ ማይነር ኮርዶች ይጀምር። ሁለት ጣት ሳይነቃነቅ አንዱ ብቻ ነው የሚሄደው።

«የተማርኩት ምት የኛ ዘፈን ላይ አይገባም»

አይገባም። ቪዲዮዎቹ በብዛት የሚያስተምሩት በአራት የሚቆጠር ምት ነው። ችክችካ ግን በስድስት ይቆጠራል፦ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት። ጊታሩን አስቀምጡና 1 እና 4 ላይ በእግር ምቱ፤ 1፣ 3፣ 4 እና 6 ላይ አጨብጭቡ። ሰውነታችሁ ያውቀዋል፤ ሠርግ ላይ ስታጨበጭቡ ነው ያደጋችሁት። ከዚያ ጭብጨባውን ወደ ቀኝ እጅ አምጡት።

«ትዝታ ስጫወት የፈረንጅ ዘፈን ይመስላል»

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ጊታር ማስተካከልንም፣ ትዝታና ባቲንም ባንድ ቃል «ቅኝት» እንላለን። ቃሉ እውነቱን ይዟል። ክራር ላይ ቅኝቱ ያለው ክሩ ላይ ነው፤ ከትዝታ ወደ ባቲ ስንሄድ ክሩን እንለውጣለን። ጊታር ላይ ግን ክሩ ባለበት ይቆያል፤ ጣት ነው የሚመርጠው። ስለዚህ የማይነኩትን ድምፆች ማወቅ ግድ ነው።

ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ኤፍ እና ቢ የሉበትም። አቀማመጡም ይህ ነው፦ 5ኛ ክር 3ኛ ፍሬት፣ 4ኛ ክር ባዶ፣ 4ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ 3ኛ ክር ባዶ፣ 3ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ መጨረሻ 2ኛ ክር 1ኛ ፍሬት። ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ሦስተኛው ዙር ላይ ታውቁታላችሁ።

የፈረንጅ ያስመሰለው ኮርዱ ነው። የጂ ኮርድ ውስጥ ቢ አለ፤ የኤፍ ኮርድ ውስጥ ራሱ ኤፍ አለ። ሁለቱም ከትዝታው ውጭ ናቸው። ሲ እና ኤ ማይነር ግን ሙሉ በሙሉ ውስጡ ናቸው። ለጊዜው በነሱ ብቻ አጅቡ።

ለትዝታ ማይነር ከኤ ተነሱ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። 5ኛው ክር ባዶ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ፍሬት፤ ከዚያ 4ኛው ክር 2ኛ፣ 3ኛ ፍሬት። ማታ መብራት ሲጠፋ ይቺን መጫወት በጣም ደስ ይለኛል።

«ኮርዱ ለድምፄ ወረደብኝ»

ኮርዱን አትቀይሩ፤ ካፖ፣ ማለትም ስድስቱንም ክር አንድ ፍሬት ላይ የሚጫን መቆንጠጫ፣ እሰሩ። 2ኛው ፍሬት ላይ ሲታሰር ሁሉም ነገር አንድ ሙሉ ቶን ከፍ ይላል፤ ጣታችሁ የሚያውቀውን ይይዛል። ካፖ ካጣችሁ ቦዩን የቀባችሁበትን እርሳስ ከፍሬቱ ኋላ በክሮቹ ላይ አጋድሙና ሁለቱን ጫፍ በገንዘብ ላስቲክ አንገቱ ላይ ጠምጥሙ። ስድስቱም ክር ጥርት ብሎ እስኪጮህ ላስቲኩን አጥብቁት።