ቱቦው ጠብታ አያፈስም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፦ የመሳቢያ ቱቦ አመራረጥና ጥገና፣ ለመስኖም ለወርቅም

ጥር ላይ ነው፣ አንድ ሽማግሌ ከሐርቡ በኩል ሞተራቸውን ባጃጅ ላይ ጭነው እዚህ ኮምቦልቻ ድረስ ይዘውልኝ መጡ። ሁለት ቦታ አስፈትተውታል፣ ሪንግ ተቀይሯል፣ ካርቡሬተር ታጥቧል፣ ግን ውሃ አይስብም። ሽንኩርቱ ሊደርቅባቸው ነው። ጋሼ ቱቦውስ አልኳቸው፣ "ቱቦው ምንም አላለም ልጄ፣ ጠብታ አያፈስም" አሉኝ። ከሰዓት አብሬያቸው ወረድኩና ሞተሩን አስነስቼ የኦሞ አረፋ በእጄ እየዛቅኩ መሳቢያው ቱቦ ላይ ከፓምፑ አፍ ጀምሬ መቀባት ጀመርኩ። ክላምፑ (ቱቦውን መጋጠሚያው ላይ የሚያጠብቀው የብረት ማሰሪያ) ስር ስደርስ አረፋው ሹክ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ክላምፑን ስፈታው የጥፍር ያህል ስንጥቅ አለ፣ በቃ ይሄው ነው። ጫፉን አንድ ስንዝር ቆርጬ መልሼ አሰርኩት፣ ውሃው መጣ። ለሪንግ የከፈሉት ብር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይሄን የምጽፈው ለዛ ነው። መሳቢያ ቱቦ (ሰክሽን የምንለው፣ ከውሃው ወደ ፓምፑ የሚመጣው) እና መግፊያ ቱቦ (ከፓምፑ ወደ ማሳው የሚሄደው) ችግራቸው ተቃራኒ ነው። መግፊያው ሲቀደድ ውሃ ይረጫል፣ ታዩታላችሁ። መሳቢያው ሲቀደድ ግን ውሃ አይወጣም፣ አየር ነው የሚገባው፣ አየር ደግሞ አይታይም። ፓምፕ አየር ከገባበት ውሃ መሳብ ያቆማል ወይ ደግሞ እየቆራረጠ ነጭ አረፋ የበዛበት ውሃ ይተፋል። ስለዚህ ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት ቱቦውን ጠርጥሩ፣ ከቱቦውም በፊት መጋጠሚያውን።

አሁን ስለ ከፍታ ላውራ ምክንያቱም እኛ ሀገር ሰው የሚረሳው ይሄንን ነው። ፓምፕ ውሃ "ይስባል" እንላለን እንጂ እውነቱ ፓምፑ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያሳሳል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ውጪ ያለው የአየር ክብደት ነው። ባህር ጠረፍ ላይ ይሄ አየር ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ይገፋል። ኮምቦልቻ ከባህር ወለል ወደ 1850 ሜትር ነች፣ እዚህ 8.2 አካባቢ ይወርዳል፣ ደሴ ወደ 2500 ነች፣ እዛ 7.6 አካባቢ ነው። ይሄ በወረቀት ላይ ነው፣ በተግባር ካርቶኑ ላይ "8 ሜትር ይስባል" የተባለ ፓምፕ ያንን የሚያደርገው ጠረፍ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ 6 ሜትር ከሳበ ጎበዝ ነው፣ ደሴ ላይ ደግሞ 5 ገደማ። ሞተሩም ራሱ አየር ሲሳሳ አቅሙ ይቀንሳል፣ በየ 300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ አምስተኛውን አጥቷል ማለት ነው። እኔ ለደንበኞቼ የምላቸው ኮምቦልቻ ላይ ከአራት ሜትር ተኩል፣ ደሴ ላይ ከአራት አትለፉ ነው። ልኩ ደግሞ የቱቦው ርዝመት ሳይሆን ከውሃው ፊት እስከ ፓምፑ ድረስ ያለው ቀጥታ ከፍታ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል።

ከዛ በላይ ከሆነባችሁስ? ሞተሩን ወደ ውሃው አስጠጉት፣ መሳብ የማይችለውን መግፋት ይችላል፣ መግፊያውን አስረዝሙት። ግን እባካችሁ፣ እባካችሁ ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ አታውርዱት። የቤንዚን ሞተር ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀምና ሞተሩን ሊያጠፋ የወረደውን ሰው ይጥለዋል፣ ሊያወጣው የወረደውንም ይጥለዋል። ወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ለማውጣትም ያው ነው። ውጭ ወንዝ ዳር ደልደል ያለ ቦታ አበጁለት፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ በገመድ እሰሩት፣ ቦርከና ላይ ዝናብ ሲዘንብ ደራሽ እንዴት እንደሚመጣ የምታውቁት ነው።

ወደ ግዢው እንምጣ። ሱቅ ስትሄዱ የፓምፑን አፍ መጋጠሚያ ፈታችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ "ባለ ሁለት ኢንች ነው" ብላችሁ ብቻ አትሂዱ፣ ሁለት ኢንች እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ እኩል አይደለም። ሜትር አውጥታችሁ የውስጡን ስፋት ለኩ፣ 50 ወይም 51 ሚሊሜትር መሆን አለበት፣ ሶስት ኢንቹ 76። ከፓምፑ አፍ የጠበበ ቱቦ በጭራሽ አትግዙ፣ ርካሽ ስለሆነ ብላችሁ ሶስት ኢንች ፓምፕ ላይ ሁለት ኢንች ብታስሩ መተላለፊያው ከግማሽ በታች ነው የሚሆነው።

ቀጥሎ ጥንካሬው። ቱቦው ግድግዳው ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የዞረ ጠንካራ ነገር (ጥምዝ የምንለው) ሊኖረው ይገባል፣ ደረቅ ፕላስቲክ ወይ ሽቦ፣ አለበለዚያ ሲስብ ጉንጩ ይገባና ይጣበቃል። ቀለሙን እርሱት፣ አረንጓዴ በለው ብርቱካናማ ቀለም ጥንካሬ አይደለም። መሬት ላይ አስቀምጣችሁ በእግራችሁ ቁሙበት፣ ስትለቁት ወዲያው ክብ ሆኖ መመለስ አለበት። ከዛ እንደ ክርን እጠፉት፣ ጎኑ ከተሰበረ ወይ ነጭ መስመር ካወጣ ተዉት። ከዛ አንዱን ጫፍ ወደ ፀሐይ አዙራችሁ በሌላው እዩ፣ ውስጡ ለስላሳ መሆን አለበት፣ የተላጠ ወይ ያበጠ ነገር ካለ አትንኩት። ጥቅል ቱቦ ከታች ተኝቶ ሌላ ዕቃ የተጫነበት ከሆነ ተጨፍልቆ የቀረ ቦታ ስለሚኖር ዘርግታችሁ ዳስሱት፣ ባለሱቁ ቢሰለችም ግድ የለም።

ርዝመቱን በልኩ ግዙ። "ለማንኛውም" ተብሎ የሚጨመር አምስት ሜትር ትርፉ ጉዳት ነው፣ ትርፉ ቱቦ መሬት ላይ ይጠማዘዝና ጉብ ያለበት ቦታ ላይ አየር ይቀመጣል። መሳቢያ ቱቦ ከውሃው እስከ ፓምፑ ድረስ ሁሌ ወደ ላይ እየወጣ ነው መሄድ ያለበት፣ ወጥቶ ተመልሶ መውረድ የለበትም። ጫፉ ላይ ፉት ቫልቭ (ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው መዝጊያ) እና ወንፊት ይኑር፣ ወንፊቱ አሸዋው ላይ እንዳይተኛ በገመድ አንጠልጥሉት ወይ ቅርጫት ውስጥ አስገቡት፣ ከውሃው ፊት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ይጥለቅ፣ ካለዚያ ውሃው እየተሽከረከረ አየር ይዞ ይገባል።

ወርቅ ለመስራት ወደ ቤኒሻንጉልም ወደ ሻኪሶም የምትሄዱ ልጆች ቱቦ ከዚህ ገዝታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ለእናንተ ለብቻ ልናገር። የወርቅ መምጠጫ ማሽን ላይ ሁለት አይነት ቱቦ ነው ያለው። አንደኛው ፓምፑ ንጹህ ውሃ የሚስብበት ነው፣ እሱ እስካሁን ያወራነው ነው። ሁለተኛው ጠጠርና አሸዋ የሚያመላልሰው ትልቁ ቱቦ ነው። ጠጠሩ ፓምፑ ውስጥ አይገባም፣ ፓምፑ ውሃ በሀይል በጠባብ ቀዳዳ ይረጭና ያ ሩጫ ነው ከኋላው ጠጠሩን ጎትቶ ወደ ማጠቢያው ሳጥን የሚያመጣው። የመርጫው ቦታ ወሳኝ ነው፦ መርጫው መምጠጫው አፍ ላይ ከሆነ ትልቁ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሆነ ትንሽ ቀዳዳ ብታፈስም ስራ አያስቆምም፣ ጥልቀት በሌለው ውሃም ይሰራል። መርጫው ወደ ሳጥኑ የተጠጋ ከሆነ ግን ትልቁ ቱቦም እየተሳበ ነው፣ አፉ ከውሃ ብቅ ካለ ወይም ቱቦው ቀዳዳ ካለው መሳቡን ያጣል። የናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ቱቦ አትግዙ።

ለጠጠሩ ቱቦ ውስጡ ለስላሳ፣ ግድግዳው ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን፣ ድንጋይ ሲወተፍ የት እንዳለ ታያላችሁ። አፉ ላይ ከቱቦው ስፋት ግማሽ ኢንች ያህል የጠበበ ቀለበት መኖር አለበት፣ በአፉ ያለፈ ድንጋይ ውስጥም ያልፋል ማለት ነው፣ ቀለበቱን "ቶሎ እንዲስብ" ብለው የሚያወልቁ አሉ፣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲያወጡ ይውላሉ። ሲወተፍ ደግሞ በብረት አትደብድቡት፣ በላስቲክ መዶሻ ወይ በእንጨት ከውጭ ቀስ አድርጋችሁ እየመታችሁ አንቀሳቅሱት። ጠጠር ቱቦውን የሚበላው መታጠፊያው ላይና በታች በኩል ነው፣ ስለዚህ በየጊዜው ቱቦውን ትንሽ አዙራችሁ እሰሩት፣ ጫፍ ለጫፍም አቀያይሩት፣ እድሜው ይረዝማል። ደግሞ ፈቃዳችሁ ሞተር ይሸፍን አይሸፍን የሄዳችሁበት ክልል ማዕድን ቢሮ ጠይቁ፣ ዕቃው ከተያዘ በኋላ ቱቦ ማማረጥ ዋጋ የለውም።

እሺ፣ ጥገና። አብዛኛው ቱቦ የሚሞተው ጫፉ ላይ ነው፣ ክላምፕ ጠብቆ ጠብቆ ይቆርጠዋል። መፍትሄው መቁረጥ ነው። በቢላ ሁለቱ ጥምዝ መሀል ተከትላችሁ ቁረጡ፣ ጥምዙን በፒንሳ ወይ በብረት መጋዝ። የተቆረጠውን ጫፍ የፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት ሶስት ደቂቃ አስቀምጡት፣ ይለሰልሳል፣ የሳሙና ውሃ ቀቡና ግፉት። ዘይትና ግሪስ አትቀቡ፣ ላስቲክ ያበላሻል፣ ደግሞ እየተንሸራተተ ይወጣል። በእሳት አታሙቁት፣ ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል፣ ግድግዳውም ይሳሳና ወር አይቆይም።

ክላምፑ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ቱቦው ከውጭ ጥምዙ ወጣ ገባ ካለ ጠፍጣፋ ክላምፕ ጉብታዎቹ ላይ ብቻ ያርፋል፣ ጉድጓዱ ላይ አይጫንም፣ አየር የሚገባውም እዛ ጋ ነው። ከአሮጌ የመኪና የውስጥ ጎማ ቀጠን ያለ ላስቲክ ቆርጣችሁ ጉድጓዱን ተከትላችሁ እየወጠራችሁ ጠምጥሙ፣ ሜዳ ሲሆን ሁለት ክላምፕ ጎን ለጎን እሰሩ፣ ብሎናቸው አንዱ ላይ አንዱ ታች ይሁን። የሽማግሌውን የሰራሁት እንደዚሁ ነው። መጋጠሚያው ውስጥ ያለችውን ጎሚኒም (የላስቲክ ቀለበቷን) እዩዋት፣ ደርቃ ከተሰነጠቀች ቀይሩ፣ በጣም ርካሽ ነች ግን ስትጠፋ ሙሉ ፓምፕ ታቆማለች።

መሀል ላይ በደንብ ከተቀደደ ቆርጣችሁ በቧንቧ ቀጥሉ። ባለ 50 ሚሊሜትር ፒቪሲ ቧንቧ የውጪ ልኩ 50 ስለሆነ ሁለት ኢንች ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ለሶስት ኢንቹ 75ቱ። የቀረችውን ክፍተት በቴፍሎን ሙሉ፣ በየጎኑ ቢያንስ አስር ሳንቲ ይግባ፣ በየጎኑ ሁለት ክላምፕ። የጠጠር ቱቦ ላይ ግን ይሄን ብትሰሩ ድንጋይ የቧንቧው ጫፍ ላይ እየተያዘ ይወተፋል፣ ግድ ከሆነባችሁ የቧንቧውን ጫፍ ከውስጥ በሞረድ አሳሱት።

ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ አትቁረጡ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ አድርቁ፣ ከአሮጌ ተመሳሳይ ቱቦ ቁራጭ በፒቪሲ ማጣበቂያ ለጥፉ፣ የጫማ ማስቲሽ ፕላስቲኩ ላይ ቶሎ ስለሚለቅ እኔ አልወደውም። ከላዩ የውስጥ ጎማ ላስቲክ ወጥራችሁ ጠምጥሙ። መሳቢያ ላይ ልጥፍ ጥሩ ይይዛል፣ ምክንያቱም ቱቦው ራሱ ወደ ውስጥ ይስበዋል። እርሻ መሀል ሆናችሁ ምንም ከሌለ እርጥብ ፌስታል አጣጥፋችሁ ጠምጥሙበት፣ ለዛ ቀን ያደርሳችኋል፣ ግን ለዛ ቀን ብቻ።

አንድ የማይጠገን ጉዳት አለ። የውስጡ ሽፋን ሲላጥ ከውጭ ቱቦው አዲስ ይመስላል፣ ሞተሩ ቀስ ሲል ውሃ ይመጣል፣ ነዳጅ ስትሰጡት ግን ውሃው ይቀንሳል። የተላጠው ልጣጭ እንደ በር እየተዘጋ ነው። አረፋ ብትቀቡም አይገባም፣ ቀዳዳ የለውማ። ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ካያችሁት ታገኙታላችሁ፣ ያንን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ከበዛ ቱቦውን ቀይሩ።

ከጠገናችሁ በኋላ ፉት ቫልቩን አስራችሁ ቱቦውን ውሃ ሙሉና ሌላውን ጫፍ ዛፍ ላይ ከፍ አድርጋችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ውሃው ከጎደለ ወይ ቫልቩ ወይ ጥገናው ያፈሳል። ባይጎድልም በዛ አትመኑ፣ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ አለ፣ ሞተር አስነስታችሁ አረፋውን ቀቡት።

አቀማመጡ፣ ውስጡን አፍስሳችሁ ጥላ ስር፣ ሰፋ አድርጋችሁ ጠቅልላችሁ። ፀሐይ ላይ ከርሞ የሚሰነጠቀው ይበዛል። ደሴ ያላችሁ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት በብርዱ ቱቦው እንደ እንጨት ይደርቃል፣ በጉልበት አትዘርጉት፣ ፀሐይ እስኪሞቅ ጠብቁትና ቀስ ብላችሁ ፍቱት፣ ጥምዙ የሚሰበረው ያኔ ነው።